በሰም ስለታሸገችው የመካነ ሰላም ሳጥን

ለክቡር የዕርዳታ ንብረት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎና ወንበርዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ መካነ ሰላሞች ረሃቡ ያስተረፈን ያህል ደህና ነን።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኙ ምናለ ወልደ ሚካኤል ነኝ። በመስከረም፣ በተሰበረው ማሽናችን ፈንታ ከባሕር ማዶ የተለገሰ የመልእክት ማተሚያ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በእርግጥ የከተማችን የቴሌግራፍ መስመር ፊደል የሚለየው ኤሌክትሪክ ሲያልፍና ሲቋረጥ ነው፤ የእርስዎ ማሽን ግን ከፕላስና ከማይነስ ቮልቴጅ ሌላ ስለማይገባው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አራት ወር ተኳረፉ። ኦፕሬተሯ ወይዘሮ ሐረግ ማገናኛ እንዲገዛ ስታመለክት፣ ከውጭ አገር እስኪመጣ በትዕግሥት እንድንጠብቅ ስላዘዙንም እናመሰግናለን፤ የተራበው ሰው ግን ትዕግሥቱን ጨርሶ ነበር።

ስለዚህ ያለ ፈቃድዎ አጠፋሁ። ከሞቱ ሬዲዮዎች ጥቂት ትራንዚስተሮችና ዳዮዶች ነቅዬ በሳሙና ሳጥን ውስጥ አገናኘኋቸውና ሳጥኗን በመስመሩና በማሽኑ መካከል አስገባኋት። ሦስት ጊዜ የማይነበብ ዝባዝንኬ ታተመ፤ ፕላሱንና ማይነሱን ገልብጬ ኖሯል። በአራተኛው «ስንዴ ከላላ ከተማ ቆሟል፤ የጭነት መኪና አያልፍም፤ በቅሎ ላኩ» የሚል ወጣ። ሐረግ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ገበያ ገባች። ነጋዴዋ ሀጀራም፣ «ወላሂ፣ ጨው መጫኑ ይቅር፤ አሥራ አንዱንም በቅሎ ንዱ!» አለች። በሦስተኛው ቀን ስንዴው ገባ። ጎረቤቴ እንቁ ለልጆቿ ንፍሮ ስትቀቅል አይቼ ዕንባዬ ቢመጣ ፊቴን አዞርኩ።

በሳምንቱ እርስዎ ራስዎ እዚህ ድረስ መጡልን፤ ይህን ክብር አንረሳውም። ስንዴው እንዴት እንደደረሰ ግን አልጠየቁም። ሳጥኗ በንብረት መዝገብ የለችም ብለው በሰም አሸጓት፣ እኔንም «በሁለት የመንግሥት ዕቃዎች መካከል የገባ አድኃሪ» ብለው ገሠጹኝ፣ ይዘዋትም ሄዱ። ቀጥሎ የመጣው የስንዴ መልእክት በአውቶቡስ ሲንገላታ ሰንብቶ በዘጠነኛው ቀን ደረሰን። በእነዚያ ቀናት አራት ሰው ቀበርን፤ እነርሱም በመዝገብዎ ስላልነበሩ አልጎደሉብዎትም።

ሳጥኗን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ሥራ ይበዛብዎታል። ኢትዮጵያ ትቅደም፤ ስንዴውም ቶሎ ይከተላት፤ እርስዎም መንገድ አይዝጉበት እያልኩ፣ በሁለት እጄ እጅ እነሣለሁ።

ተግሣጽዎን የተቀበለ፣
ምናለ ወልደ ሚካኤል
መካነ ሰላም፣ መጋቢት 1967

ማስታወሻ፦ ሁለተኛ ሳጥን ሠርተናል። ይህ ደብዳቤ በእርሷ በኩል እስከ ደሴ በየጣቢያው እየታተመ ነው፤ ወይዘሮ ሐረግም አሠራሯን ከሥሩ አያይዛለች። ለማሸግ ሲነሱ ሰም በብዛት ይያዙ።