ስለ ተቆለፉት የኮምፒዩተር መጻሕፍት፣ ለአቶ ንጉሡ በላይ

ለክቡር አቶ ንጉሡ በላይ፣
የእህል እርዳታ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መካነ ሰላም ላይ የተረፍነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ጥሩ እንቅልፍ እንመኛለን።

አንደኛ የማመሰግንዎ፣ የአገራችን ልጅ ነዎትና ቤታችን ድረስ መጥተው፣ አባቴን «እንደ ልጄ አስተምራታለሁ» ብለው አዲስ አበባ ስለወሰዱኝ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ስጀምር፣ በደንብ የሚጻፍበትንና ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚፈተንበትን መንገድ የሚያስተምር መጽሐፍ እንዲሰጡኝ ለመንሁዎ። «ገና ከውጭ አልገባም፤ እስከዚያው እኔን እያየሽ ተማሪ» አሉኝ። ጋሼ ብዬ አመንሁዎ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ እርስዎ ለጻፉት የእህል ማከፋፈያ ፕሮግራም ነው። ጎረቤት ወረዳችን ከላላ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጻፍ አንድ ፊደል ተጨምሮባት ኖሮ፣ ፕሮግራምዎ የማያውቀውን ስም ሳይናገር ስለሚጥል፣ አገሩ በሙሉ ከዝርዝሩ ወጣ። ስሞቹ በቀዳዳ ተበስተው ለማሽኑ ከሚገቡት ካርዶች አስቀድመን በጥቂቶቹ እንሞክረው ብዬ ነበር። «ማሽን አይሳሳትም፤ አንቺ ካርድሽን ብሺ» አሉኝ። እህሉ መካነ ሰላም ሲደርስ የከላላ ሰው በእግሩ መጥቶ ተሰልፎ ቆየ፤ ስማችሁ የለም ተባለ። አክስቴ አልታየች ከተሰላፊዎቹ አንዷ ነበረች። ሐረግ የምትባለውን ልጇን አዝላ መጥታ፣ ስትመለስ መንገድ ላይ ቀበረቻት።

ጉዳዩ ሲመረመር ደግሞ «ጥፋቱ የሠልጣኟ ነው፤ መጽሐፍ አንብባ የተማረች አይደለችም» ብለው ስለፈረሙልኝ በሦስተኛ ደረጃ አመሰግናለሁ። በዚያው ተባረርሁ። መንግሥት ተለውጦ ንብረት ሲቆጠር ሠራተኞቹ የተቆለፈውን ቁምሳጥንዎን ሲከፍቱ ያን ጊዜ የለመንኋቸው መጻሕፍት እንደተገኙ ጓደኛዬ እታገኘሁ ጽፋልኛለች። የገቡት እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው አሉ፤ የተጠቀለሉበት ፕላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ከአቧራ ስለጠበቁልን እግዜር ይስጥልን። ከእኔ መደበቅዎን በጊዜ ብዛት እረሳው ይሆናል፤ ግን ክቡር ሆይ፣ ደብቀው እርስዎ ቢያነቧቸው ምን ነበረበት?

ስምዎ ሲጠራ ከመቀመጫዋ ትነሣ የነበረችው፣ ይህን ግን ተቀምጣ የጻፈችልዎ፣

ብርሀንነሽ ፈንታሁን
መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አክስቴ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላታል፤ የአገር ልጅ ስም ላለማጉደፍ ብዬ ዝም ብያት ነበር። ይህን ደብዳቤ ግን ነገ አነብላታለሁ። ለበዓል አገርዎ ሲመጡ ከላላ እሷ ቤት ጎራ ይበሉ፤ እንግዳ በባዶ ሆዱ አትሸኝም።