መሰላሉን መለስኩልህ

ታዴ፣ የኔ ሰው፣

ከተለያየን ሦስተኛው ማንጎ ደረሰ። ሌላው ሰው በወርና በዓመት ይቆጥራል። እኔ ግን አንተ በሄድክበት ሰሞን ዛፉ እንዴት ተሸክሞ እንደነበር፣ ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ከጥላው ሥር እንደተቀመጠ ስለማልረሳ፣ የምቆጥረው በእሱ ነው። ደህና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ወሬ ሲይዘኝ እንዳልረሳው ብዬ ነው፤ ታውቀኝ የለ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። በራችን ፊት ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎለት ባጃጅ እደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ያ በዝናብ ጊዜ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የምንሻገረው ጭቃ ቀርቷል። የሽፈራው ዛፋችንን አጭር አድርጌ ቆርጬው ነበር፣ ከበፊቱ በልጦ በቀለ። ልጃችን ማርታ ተመርቃ ሀዋሳ ሥራ ይዛለች፤ አሁን በስልክ "በላሽ ወይ?" እያለች የምትቆጣጠረኝ እሷ ናት። ጦጣዎቹም እንደ ድሮው ናቸው፤ ማንጎውን ከእኛ ቀድመው ይቀምሳሉ፣ አንዱን ነክሰው ይጥሉና ወደ ሌላው ያልፋሉ።

የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ መሰላሉ ነው። አዎ፣ ስለዚያ ስለ ቀርከሃው። ካለህበት ሆነህ መሳቅ የምትችል ከሆነ ከአሁኑ ጀምር።

እናቴን ላስታምም ሶዶ ሄጄ አንድ ወር ቆይቼ ስመለስ፣ ረጅም መሰላል ከጓሮው ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁ። "ጥሩ ዕቃ ነው" አልኩህ። "ጥሩ ነው" አልከኝ። ስለ መሰላል የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው። ከዶርዜ የገዛኸው መስሎኝ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ።

ደግሞ ማን ነበርክ አንተ? "የሰው ዕቃ እኛ ቤት አያድርም" የምትል ሰው ነበርክ። የጎረቤት ወንፊት ከተዋስኩ እራት ሳይቀርብ "መለስሽ?" ነው። መጥረቢያ ከተዋስክ ስለቱን ሞርደህ ነበር የምትመልሰው። አንድ ቀን የጎረቤታችንን የፋንታዬን ሳህን ባዶውን ይዤ ስወጣ ከበር መልሰኸኝ ሙዝ አስቀምጠህበታል። እኔም አንተ ከሄድክ በኋላ ይህን ደንብህን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። በሰፈራችን ረጅም መሰላል ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለሆነ ጣሪያ ያፈሰሰበትም፣ አምፖል የተቃጠለበትም የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ለእያንዳንዱ በር ላይ አቁሜ እነግረዋለሁ፤ "እስከ ማታ ይመለስ። ጭቃ ከነካው ታጥቦ ይመለስ። ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት የለም። ባለቤቴ የሰው ዕቃ ቤቱ አሳድሮ አያውቅም፣ እናንተም እንደ እሱ ሁኑ።" ፋንታዬ በቃሏ ይዛው አፌን ስከፍት ቀድማኝ ትጨርሰዋለች።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ጋሽ አንጁሎ መጡ። ሃያ ዓመት አንድ ቢሮ አብራችሁ የሠራችሁት ጓደኛህ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዛቸውን የሚንከባከቡት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከአርባህ ወዲህ እቤታቸው ብዙም አልሄድኩም። ሁልጊዜ አብረን የገባንበትን በር ብቻዬን መግፋት ከበደኝ። እነሱም እንዳያስቸግሩኝ ፈርተው ይሁን እንጃ፣ እግራቸው እያጠረ ሄደ። ያን ቀን ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙና "ዘነቡ፣ ጣሪያዬ አፈሰሰ። መሰላሉን ለአንድ ቀን ታውሽኛለሽ?" አሉኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ያንኑ ንግግሬን ከነአንተ ምስጋና አንድም ሳላስቀር አሰማኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "እሺ፣ እስከ ማታ" ብለው ሄዱ። ፀሐይ ሳትገባ አጥበው መለሱት፣ ከመወጣጫው ላይ አንድ እጅ ሙዝ አንጠልጥለውበታል። እኔ ደግሞ ጭቃ ቀርቶበት እንደሆነ ብዬ እፊታቸው መሰላሉን አገላብጬ አየሁ።

ለፋሲካ ማርታ መጣች። ጓሮ ወጥታ ስትመለስ "እማዬ፣ የጋሽ አንጁሎ መሰላል እስካሁን እኛ ጋ ነው እንዴ?" አለችኝ። ማማሰያው በእጄ እንዳለ ቀረሁ። ለካ እኔ ሶዶ ሳለሁ አንተ የፊቱን፣ እሷ የኋላውን ጫፍ ይዛችሁ፣ "እንዳታስጎትቺው" እያልካት፣ ከእሳቸው ቤት ያመጣችሁት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዛሬም ትከሻዋን ያሳከካት ሁሉ ትዝ ይላታል።

ታዴ፣ ተናደድኩብህ። ፎቶህን ግድግዳው ላይ እያየሁ የልቤን ነገርኩህ። አራት ቀን ሙሉ እሳቸውን እንዳላገኝ ገበያ የሄድኩት በሌላው መንገድ ዞሬ ነው። የፈራሁት ለመሰላሉ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት "ታደለ ማውራት እንጂ መመለስ አያውቅም" ሲሉህ ኖረው ይሆናል ብዬ ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ አፌ ቁስሉን ነካካሁት። ሰውየው የራሳቸውን ዕቃ ከእኔ ተውሰው፣ ተገሥጸው፣ ሙዝ ጨምረው መለሱ። ያ ቤት ከእንግዲህ ጨርሶ ጠፋብኝ አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ማርታ "እማዬ፣ ነገ መሄዴ ነው። የኋላውን የሚይዝልሽ አይኖርም" አለችኝ። ተነሳን። በሳሙና አጠብነው፣ የላላውን መወጣጫ በአዲስ ገመድ አሰርነው፣ ከዛፋችን መጀመሪያ የበሰለውን ማንጎ በዘንቢል አንጠለጠልንበት። የሰበክሁት በአደባባይ ነውና የወጣሁትም በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ "ዛሬ ደግሞ የማን ጣሪያ ነው?" ይላል። "ባለቤቱ ጋ እየሄደ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ፋንታዬ በሯ ላይ ቆማ "ታዲያ እስከ ማታ ይመለሳል?" አለችኝ። የእጄን አገኘሁ።

ጋሽ አንጁሎ በራቸው ላይ ሆነው እንዳዩን ይቅርታዬን ጀመርኩ። እንደዚያን ቀኑ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ከዚያ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ታዴ እኮ በየዓመቱ 'ላምጣልህ' ይለኝ ነበር። ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። ማንጎው እናንተ ግቢ፤ እኔ ያለኝ ሙዝ፣ ለሙዝ ደግሞ ማን መሰላል ያቆማል? 'ለዘነቡ እንዳትነግራት፣ ከሰማች ዛሬውኑ ታሸክመኛለች' ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

"ታዲያ ያን ቀን የራስዎን ዕቃ ለምን ከእኔ ይዋሳሉ?" አልኳቸው። ሳቁን ተዉት። መሰላሉን ጨንቻ ሳሉ በእጃቸው የሠሩት አባታቸው ናቸው። "የኔ ነው ብዬ ብወስደው ታዴ ከተወልሽ ነገር አንዱን ከጓሮሽ ያነሳሁ መሰለኝ። ተውሼ መመለሱ ቀለለኝ" አሉኝ። ሚስታቸው አስቴር ከኋላ ሆና "ደግሞ ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነው የገቡት። 'ዘነቡ ስትቆጣኝ ታዴን ሰማሁት' አሉኝ" አለች።

መሰላሉን መልሳችሁ ውሰዱት ብለው ለመኑን። "የሰው ዕቃ እኛ ቤት አያድርም" አልኩ። ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም። ማርታ ያን ቀን ስትስቅ ብታያት፣ አንተን ነው የምትመስለው።

ቅዳሜ ላይ ጦጣዎቹ ከላይኛው ቅርንጫፍ ሲሰፍሩ ፋንታዬን አስከትዬ መሰላሉን ልዋስ ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ ቀጥ ብለው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ "እስከ ማታ ይመለስ። ጭቃ ከነካው ታጥቦ ይመለስ። ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት የለም።" አንገቴን ደፍቼ "እሺ ጋሼ" አልኩ። ፋንታዬ ከሳቋ ብዛት ጫፉን መሸከም አቃታት። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተውሻለሁ። ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ አንዱን ጊዜ መሰላሉ አላስፈለገኝም ነበር። አስቴር ካገኘችኝ ቶሎ አትለቀኝም፣ እኔም ለመሄድ አልቸኩልም።

ትልቅ ነገር ቃል አልገባልህም። መሰላሉን አጥቤ፣ ማንጎ አንጠልጥዬበት፣ ፀሐይ ሳትገባ እዚያ በር ላይ ባደረስኩት ቁጥር አስታውስሃለሁ። ማርታ ስትመጣ የኋላውን ጫፍ ትይዛለች። የፊቱን የምይዘው እኔ ነኝ፣ አንተ በያዝክበት በኩል።

ያንተው ዘነቡ