የጡጫው ምልክት

እኔ አውጉስት ቮልመር፣ ወዳጆቼ ጋስ የሚሉኝ፣ ሃያ ዓመት በቤዝቦል ሜዳ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ኳስ በመያዝ እንጀራዬን የበላሁ፣ ሳንባዬ ቢደክምም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያባብለኝና ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኦገስት 22 ቀን 1931 በፔንሲልቬንያ፣ ብራንት ሆሎ በተባለችው የከሰል ማዕድን ከተማ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፈው ጠበቃ ኤልስዎርዝ ነው። ምስክሮቼ ጸጉር አስተካካዩ ዮደርና አሥራ አንድ ዓመት ኳሱን ስይዝለት የኖርኩት ወርዋሪ፣ ክሌም ስተኪ ናቸው። መስኮቱ ይከፈት ብያለሁ፤ ልጄ ሃርላን ከሦስት መንገድ ወዲያ እየተጫወተ ነውና የሕዝቡን ጩኸት ልስማ።

ቤቴን ከነጓሮው ለሃርላን ሰጥቻለሁ። ጭስ ማውጫውን ከክረምት በፊት ያስጠርገው።

ደጋፊዎቻችን የሸለሙኝን የብር ሰዓት ለክሌም ሰጥቻለሁ። “እኔን ማን ቀጥሮኝ ነው ሰዓት የማየው?” ይላል። ቢልም ይጻፍ።

የመያዣ ጓንቴን ግን ለማንም አልሰጥም፤ አብሮኝ ይቀበር። ሰው የሰበሰብኩት ምክንያቱን ለመናገር ነው።

በ1909 ላይል ቤንቲን የተባለ የባላጋራ ቡድን መቺ፣ ክሌም በወረወረው ኳስ ጆሮ ግንዱን ተመትቶ በማግስቱ ሞተ። ከተማው ክሌምን ነፍሰ ገዳይ አለው። እጮኛው ቀለበቱን መለሰችለት። ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጥ ከአጠገቡ የነበሩት ይነሡ ነበር። እንግዲህ ስሙ። ወርዋሪ የሚወረውረው ያዡ በጭኖቹ መካከል በእጁ ያዘዘውን ነው። አንድ ጣት ቀጥተኛ ኳስ፣ ሁለት ጣት ጥምዝ፣ ጡጫ ደግሞ ወደ መቺው ራስ ማለት ነው። ያን ቀን ጡጫ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ቤንቲን የተሰባበሩትን ጣቶቼን አይቶ፣ “ጣት ነው ወይስ የደረቀ ካሮት?” ብሎ አስቆብኝ ነበር። ላስደነግጠው ፈለግሁ እንጂ ሞቱን አልፈለግሁም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቀኑን ሙሉ የምንጫወተው በአንዲት ኳስ ነበር። መቺ እንዳያያት በትንባሆ ምራቅና በጭቃ ያጠቆርኳትም እኔው ነኝ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበርና አላያትም።

ሃያ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ክሌምም ዝም አለ። ለምን እንዳልተናገረ አሁን በምስክር ፊት ጠይቄዋለሁ።

“ብናገር ማን ኳስ ይይዝልኝ ነበር፣ አንተ ግትር ሽማግሌ? ደግሞስ የወረወረው የኔ ክንድ አይደል?” አለኝ።

ክሌም፣ በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ።

የአባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ ይባላል። ይህን ምልክት እንደ እኔው ኳስ ያዥ ለሆነው ለሃርላን በኩራት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሜዳ ወስደውኝ ሳለ ጡጫውን ሲያሳይ አየሁት፤ መቺው ለጥቂት ዳነ። እሱ የሚጫወትበት የማዕድን ሠራተኞቹ ቡድን ድኻ ስለሆነ እስከ ዛሬ አንዲቷን ኳስ አጥቁሮ ይጫወታል። እራት ላይ፣ “ልጄ፣ ያን ነገር ተው” አልኩት።

“አባዬ ደግሞ! አንተ ጡጫ ያሳየህበት ሁሉ ሞተ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ሰው ሞቷል ማለት አቃተኝ፤ አፈርኩ። ዛሬ ሳስጠራው፣ “ከጨዋታ መልስ እሰማሃለሁ” ብሎ ወጣ። ስለዚህ ልጄን አጥብቄ አዝዘዋለሁ፤ ከእንግዲህ ጡጫ...

ጩኸቱ ቆመ። ኤልስዎርዝ፣ ብዕርህን አታንሳ፣ ጻፍ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ቤንቲን የወደቀ ዕለት የሰማሁት ነው። ክሌም ኮፍያውን አንሥቷል።

“ክሌም፣ ሂድልኝ። ሃርላንን...”

“እኔ የምሄደው ወደ ወርዋሪው ነው፣ ጋስ። አሁን ሁሉም የሚያየው እሱን ነው።”

እንግዲያስ ይህ ይጨመርልኝ። ማንም ወርዋሪውን እንዳይከስ። ያዘዘው ልጄ ነው፣ ልጄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህ ወረቀት ሳልቀበር በአደባባይ ይነበብ፤ ሃርላንም ቆሞ ይስማ።

ተናዛዡ ጣቶቹ ብዕር ስለማይጨብጡ የአውራ ጣቱን አሻራ አኑሯል።
ምስክር፦ ኤብነር ዮደር፣ ፈርሟል።
ምስክር፦ ክሌም ስተኪ፣ ወደ ሜዳው ስለሮጠ ቦታው ክፍት ተትቷል።
ጸሐፊ፦ ጠበቃ ኤልስዎርዝ