ትሕትና የሚያስተምረው በር

ውድ ወንድሜ ሙስዐብ፤

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታው የአላህ ነውና አልነፍግህም። ከዚህ በታች ያለው ግን የኔ ነው።

ባለፈው ጁምዓ ደውለህ የሥራ ባልደረቦችህን ይዘህ ከሚሴ እንደምትመጣ ነገርከኝ። ነድፈህ ጓሯችን ውስጥ ያሠራኸውን የጃፓን ዓይነት ቤት ልታስጎበኛቸው ነው። «አባን ነጭ አልብሰሽ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አልክ። ጤናውን አልጠየቅክም። በስልክ ልመልስልህ ብል አታስጨርሰኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

አባ ምን ነበር የለመነህ? ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ መስጊድ መድረስ አቅቶት፣ ፓፓያው ሥር አንዲት ክፍል እንድትሠራለት ነው። መቆፈሪያውንና የመድኃኒት መርጫውን የሚያስቀምጥባት፣ ወንበር ላይ ሆኖ የሚሰግድባት፣ በሯን ከፍቶ መንገደኛውን «አካም ቡልተን!» የሚልባት። ጎረቤት ሠራተኛ ሲጠቁመው «ልጄ አርክቴክት ሆኖ?» ብሎ ይቆጣ ነበር።

አንተ ግን የነደፍከው ለአባ አልነበረም። ጃፓንን በስልክህ እንጂ በእግርህ አታውቃትም። ንድፉን ስትልክልኝ ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እንጨቱ በእሳት ተለብልቦ ጠቁሯል። ተንሸራታቹ መዝጊያ ወረቀት ነው። መግቢያው ደግሞ ሕፃን እንኳ ሳይጎነብስ አያልፍበትም። ደንግጬ ደወልኩልህ።

«ሙስዐብ፣ አባ እኮ ጉልበቱ አይታጠፍም። በዚህ እንዴት አድርጎ ይግባ?»

«አሻ፣ ጃፓኖች በሩን ዝቅ የሚያደርጉት አውቀው ነው። ሀብታምም ይሁን ድሃ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ትሕትና ያስተምራል።»

ትሕትና! ዕድሜውን ሙሉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ የኖረን ሰው፣ ዛሬ ሱጁድ መውረድ አቃተኝ ብሎ የሚያለቅስን ሰው፣ አንተ በጣውላ ትሕትና ልታስተምረው! የናቅኩህ ያን ቀን ነው።

ቤቱ የተመረቀ ዕለት ጓደኞችህ ካሜራ ደግነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ቆሟል። አባ ምርኩዙን ይዞ በሩ ፊት ደረሰና ግራ ገብቶት አየህ።

«ኢልማ ኮ፣ በየት ልግባ ልጄ?»

«በዚሁ ነው አባ። በርከክ በል፤ አንዴ ብቻ።»

በረከከ። ልይዘው ስሮጥ «አሻ፣ ካሜራው ውስጥ ገባሽ፤ ዞር በይ!» ብለህ ጮህክብኝ። ሰንበቴ ገበያ ላይ በከብት ጠብ ሲነሳ ቃሉ ፍርድ የነበረ ሰው፣ ሰፈር እያየው በአራት እግሩ ዳኸ። መሃል ላይ ጉልበቱ ከዳው። ግማሽ አካሉ ውስጥ፣ ግማሹ ውጪ ቀረ። አናጢው ቶፊቅ ነው ወገቡን አቅፎ ያወጣው። አባ ሽርጡን አስተካክሎ «ማሻአላህ፣ ልጄ ሠራልኝ» አለ። አንተ መንገድ ይመሽብኛል ብለህ ወደ አዲስ አበባ ነዳህ። ቆይቶ የጀርባውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፈህ አየሁት። ሥሩ «ትሕትና» ይላል። ስንቱ አጨበጨበልህ!

ከዚያ ወዲያ አባ አልገባባትም። የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ደጃፏ ላይ ይቀመጣል። ወረቀትህን የጨፋ ሜዳ ንፋስ ቀዳዶ ጨርሶታል። ለምን ውስጥ አትሆንም ሲሉት «ይሞቃል» ይላል፤ አንተን ላለማሳማት።

ባለፈው ጁምዓ ስልኩን እንደዘጋህ ቶፊቅን ጠራሁት። ግድግዳውን ሰው ቀጥ ብሎ በሚያልፍበት ልክ ቀደደልኝ። ከደጁ እስከ ወለሉ አፈር ሞልተን ደለደልነው። በወረቀቱ ፈንታ የቆርቆሮ በር ገጠምንለት፤ ሰማያዊ። ስታየው ያምህ ይሆናል፤ ይመምህ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት ላይ አባ ገባ። ምርኩዙን ተደግፎ፣ አንገቱን ሳይደፋ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰገደና ረጅም ዱዓ አደረገ። ደጅ ቆሜ ሰማሁት። ዱዓው ላንተ ነበር። አንድም ቦታ ስሜን አልጠራም፤ አልከፋኝም።

ባልደረቦችህን ይዘህ እንዳትመጣ። የምታሳያቸው ነገር የለም፤ ያለው የሽማግሌ መስገጃ ነው። መምጣት ካለብህ ብቻህን ና፣ ጉልበቱን እሽለት።

ሰግዶ ሲያበቃ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና «አሻ፣ ግድግዳውን መቅደዳችሁን ለሙስዐብ አትንገሪው። ይከፋዋል» አለኝ።

ይኸው ነገርኩህ።

እህትህ አሻ
ከሚሴ