ከስብሰባ መካከል ለመውጣት ስለሚጠየቅ ፈቃድ

ጎንደር፣ ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ይልቁንም ሲያሻዎት ማንንም ሳያስፈቅዱ ከመድረክ ወርደው የሚመለሱበትን ጤናዎን፣ እግዚአብሔር ያዝልቅልዎ እላለሁ።

ወሬው የደረሰኝ እሑድ እርስዎ ንግግር ላይ ነበሩ። ወንድሜ ክንዱ ከሐኪም ቤት ሮጦ መጥቶ ብጣሽ ወረቀት ሰጠዎት። አንብበው ከመነጽርዎ ቤት ሥር አኖሩትና ተራው ሲደርስ፣ በመጨረሻው አጀንዳ «ልዩ ልዩ» ላይ፣ ልጄ ሸዋረጋ ማረፏን አሳወቁኝ። እስከዚያ አምስት ጊዜ ተጨበጨበ። አምስቱንም አጨብጭቤያለሁ።

ፊደል ያስቆጠረኝ የእርስዎ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ስለሆነ፣ ቅሬታዬን ቀስ እያልኩ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ልጄ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎ ነበረች። ሽንቷ እያቃጠላት ቶሎ ቶሎ ያጣድፋት ጀመር። እርስዎ ደግሞ ከአዳራሽ የሚወጣ ሰው ምክንያቱን ጮክ ብሎ እንዲናገር፣ ምክንያቱም እንዲመዘገብ ደንብ አወጡ። የሃያ ዓመት ልጅ «ጸሐፊዋ ለሽንት ወጣች» ብላ በራሷ እጅ እንድትጽፍ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። የእጅ ጽሑፏ ሸጋ ነበር።

፪. ለሦስተኛ ጊዜ ብትነሣ፣ «ጓዲት፣ ፊኛሽ ፀረ አብዮት ነው እንዴ?» ብለው አዳራሹን አሣቁት። ቀልድ ዐዋቂ ነዎት። እኔም ከፊት ወንበር ሆኜ ትንሽ ሥቄያለሁ።

፫. ይህ በእርስዎ ላይ የሚቀርብ አይደለም፤ ሌላ ማስገቢያ አጥቼለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በስብሰባ ዕለት ውሃ እንዳትጠጣ የከለከልኳት እኔ ነኝ። «ቻይው፣ ሰው ምን ይላል» አልኳት። የአባለዘር በሽታ ነው ተብላ እንዳትታማ ፈርቼ ለሐኪም ሳላሳያት ወር አለፈ። የወሰድኳት ትኩሳት ሲጥላትና ወገቧን ሲይዛት ነው። ነርሷ አምሳል እንዳስረዳችኝ፣ የሽንት ፊኛ መቁሰል በሴቶች ላይ የተለመደ ሕመም ነው፤ አያሳፍርም፤ በጊዜው መድኃኒት ከተወሰደለት፣ ውሃ ከተጠጣ፣ ሽንትም ካልታፈነ ይድናል፤ ችላ ሲባል ግን ወደ ኩላሊት ይወጣል። ይህን የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ ነው።

፬. በዚያ እሑድ ጠዋት ከሐኪም ቤት አልጋዋ ሆና «እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ፤ ዛሬ እንኳ አትሂጂ» አለችኝ። ከስብሰባ የቀረ ሰው የቀበሌ ሱቅ ካርዱ ይያዛል ብለው ስለነበር፣ ውሃውን ሰጥቼ ለክንዱ ትቻት መጣሁ። ፊርማዬ ከመዝገብዎ አለ። በካርዱ ስለገዛሁት ስኳርም አመሰግናለሁ፤ ለለቅሶ ደራሾች ሻይ ሆኖልኛል።

ከስብሰባዎ ቀርታ የማታውቅ፣ ለማጨብጨብም እጇ ያልሰነፈ፣
እንኳየሁ ላቀው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠይቁ። ቆመው ሲያነቡት ቢያጣድፍዎ ይሂዱ፤ ምክንያትዎን አልጠይቅም፣ አልመዘግብምም። ሌሎቻችሁ የምታነቡ ግን፣ የልጄ የክርስትና ስም ወለተሩፋኤል ነው፤ ውሃ በጠጣችሁ ጊዜ ነፍሷን ይማር በሉልኝ።