«የቅጽ ናሙና» ብለህ የደበቅካት ልጃችን

ኑሪዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ይህን ደብዳቤ ከወር በፊት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ናፍቆት ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን የምጠይቅህ ነገር አለኝ። መልስ እንደማላገኝ እያወቅኩም ቢሆን እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አየር ጤና ያለውን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትህን ለአከራዩ መለስንለት። ሀያት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ስለነበር ዕቃውን አብረን አወጣን። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ከጎንህ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ወሰደው። ኮምፒውተሩን፣ ሁለቱን ሃርድ ዲስክና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፍላሽ ይዘን ኮልፌ ገባን።

ኮምፒውተሩን ሳናጸዳ ለሰው እንዳንሰጥ ያለችው ሀያት ናት። የደንበኞችህ ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የውል ወረቀት ሞልቶበታል። የሰው ጉዳይ ስለሆነ እያየን አጠፋነው። የቤቱን ካርታ፣ የልደት ካርዶቹን፣ ስካን ያደረግከውን የሠርጋችንን ፎቶ ለይተን ሁለት ቦታ ልንገለብጥ ተስማማን። ሁለት ቦታ ማስቀመጥን የተማርነው ካንተ ነው። አንድ ኮፒ ብቻ ይዞ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ይሄ ቢጠፋብህ ማን ጋ ልትሄድ ነው?» እያልክ ትቆጣው ነበር።

ሀያት ተደጋግመው የተቀመጡ ፋይሎችን የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተች። ዝርዝሩ ሲወጣ አብዛኛው ከአንድ ፎልደር ነው፤ «የቅጽ ናሙና» ይላል፤ ሁለቱም ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። አሮጌ ቅጽ መስሏት አንዱን ልታጠፋ ስትል፣ ምናልባት የሰው ነገር እንዳይሆን እስቲ ክፈቺው አልኳት። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ የዒድ ዕለት በራችን ላይ ቆማ ትስቃለች። ሀያት ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

ሰሚራ ናት፣ ኑሪ። እህቷ ናት። በስድስት ዓመቷ በትኩሳት የሞተችብን የመጀመሪያ ልጃችን።

ከቀብሯ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የቤቱን ኮምፒውተር አስቸገረኝ ብለህ ወደ ሱቅ ወሰድከው። በማግስቱ ገብተህ በሩ ላይ ቆምክ። ስትሠራው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጠለ፤ ፎቶዎቹ በሙሉ ጠፉ አልከኝ። አለቀስክ። አቅፌህ ምንም አይደለም ያልኩህ እኔ ነኝ። እናቴ ከአስኮ ድረስ መጥታ፣ የሰው ወረቀት እንዲህ የሚጠብቅ ሰው የገዛ ልጁን ፎቶ እንዴት አንድ ቦታ ያስቀምጣል ብላ ተቆጣች። ሁለተኛ ይህን እንዳታነሺ አልኳት፤ በዚህ የተነሳ ለወራት ተኮራረፍን። አንተ መሃላችን ገብተህ ልታስታርቀን ትሞክር ነበር። እናቴ ልክ እንደነበረች የምታውቀው ግን አንተ ነህ።

ልብሷን ዘመዶች ሰብስበው ሲወስዱ አልተቀየምኩም። እናት እያየች እንዳትቃጠል ተብሎ የሚደረግ ነው፤ እኔም ለሌሎች እናቶች አድርጌዋለሁ። ልብሱ ሲወጣ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማን እንደወሰደውም አውቃለሁ።

የቀረኝ መዋዕለ ሕፃናቱ የመለሰልኝ አንድ ጉርድ ፎቶ ነበር። የካሜራው መብራት አስደንግጧት ከንፈሯን ጭምቅ አድርጋለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልጄ ያቺ የፈራች ፊት ብቻ ሆና ኖረች። ሌላው ቀስ በቀስ ከራሴ ጠፋ። አንድ ቀን እራት ላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር ወይስ ሳይወልቅ ነው የሞተችው ብዬ ጠየቅኩህ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስበው ከርሜ ነው የጠየቅኩህ። ጉርሻህን መልሰህ ሳህኑ ላይ አስቀመጥክና «አላስታውስም» አልከኝ።

ወልቆ ነበር። ፎቶው አለ። «ሰሚራ ጥርስ» የሚል ስም ሰጥተኸዋል። መጨረሻ የተከፈተበትን ቀን ሀያት አሳየችኝ፤ ሆስፒታል ከመግባትህ ሁለት ሳምንት በፊት ነው።

በማግስቱ ዘነበወርቅ ታላቅ እህትህ እትዬ ዘሀራ ጋ ሄድኩ። ፎቶዎቹን የመደበቁ ምክር የሷ እንደነበር አልካደችም። ያኔ እህል እምቢ ማለቴን፣ ሀያትን እንኳ ማቀፍ መተዌን፣ ከኮምፒውተሩ ፊት አልነሳ ማለቴን አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው፤ እንደዚያ ሆኜ ነበር። «ትንሽ እስኪበርድልሽ ብለን ነው እንጂ ፋጡዬ፣ ለዘላለም አላልንም» አለች። ታዲያ መቼ ሊነግረኝ ነበር ስላት፣ በየዓመቱ ለዒድ እነግራታለሁ እያልክ ትመጣ እንደነበር፣ ዓመቱ በጨመረ ቁጥርም ፍርሃትህ እንደጨመረ ነገረችኝ። ከዚያ ልታጽናናኝ ፈልጋ አንድ ነገር ተናገረች። እሷ ቤት ስትሄድ ፎቶዎቹን አብራችሁ ታዩ ነበር። «ያቺን የወለቀች ጥርሷን እያየ ይስቅ ነበር» አለችኝ።

የዚያን ሰሞን መደበቅህን ልረዳልህ እችላለሁ። ይሄኛውን ግን አልቻልኩም። እኔ እዚህ የልጄ መልክ ይመጣልኝ እንደሆነ ዓይኔን ስጨፍን፣ አንተ እህትህ ሳሎን ተቀምጠህ ታያት ነበር። ስሟ ሲነሳ ዝም የምትለው ከኔ ብሶብህ መስሎኝ እኔ አዝንልህ ነበር። ሀያትም የሕፃንነት ፎቶ የላትም ብለን አሳድገናታል። አሁን ራሷን እህቷ ጭን ላይ ተቀምጣ አገኘች። ፎቶውን ስልኳ ላይ አደረገችው።

ሁሉንም ሦስት ቦታ ገልብጠናል፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሀያት ጋ፣ አንዱ እናቴ ጋ። እናቴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የፎልደሩን ስም «ሰሚራ» አልነው።

ፎቶዎቹን አይቼ ጨርሻለሁ። ቪዲዮዎቹ ዘጠኝ ናቸው። በሁሉም ካሜራውን የያዝከው አንተ ስለሆንክ አትታይም፤ ድምፅህ ግን ከሷ ድምፅ ይልቅ ይቀርባል። ዝለይ ትላታለህ፤ ስትዘል ትስቃለህ። በአንዱ ላይ እኔ ጓዳ ነኝ መሰለኝ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ፋጡ፣ ነይ እያት እንጂ» ትላለህ። እዚያ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። ሀያት ድምፁን ማጥፋት እንደሚቻል ነገረችኝ፤ ያኔ ግን የሰሚራም ሳቅ አብሮ ይጠፋል። እንዳለ ይቀመጥ አልኳት።

ስለዚህ እሷን በሰማሁ ቁጥር አንተንም እሰማለሁ። አላህ ይዘንልህ ብዬ ዱዓ ማድረጌን አልተውኩም። ይቅር ብዬሃለሁ ግን ገና አልልም፤ እኔ ላንተ መዋሸት አልፈልግም። እንደማልረሳህ ግን ቃሌ ነው። ነይ እያት ያልከኝን ኑሪ፣ አላስታውስም ያለኝንም ኑሪ አስታውሳለሁ።

ባለቤትህ
ፋጡማ