ሰናይት ሳትሰማ ባሕሩን መሻገር

ሰኞ

ደግሞ ደወለች። አላነሳሁም። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ዓይኔ አብጧል፣ ሳሎኑ ለቅሶ በመጣ ሰው ተሞልቷል። በቪዲዮ ካየችኝ አለቀልን።

«ካላነሳሽማ ይብስ ትጠረጥራለች» አለኝ ዳንኤል። ባሌ ምክር የሚሰጠው ሲበሳጭ ብቻ ነው፤ ግን እውነቱን ነው። መኝታ ቤት ገብቼ የልጄን የሩትን ቢጫ ሹራብ አጠለቅኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ መልሼ ደወልኩላት። ታናሽ እህቴ ሰናይት ከሃሊፋክስ ሆና በስክሪኑ ሙሉ ሳቀችልኝ። «እቴቴ! ፌሪው ኮንፈርም ሆነ? ቅዳሜ ናችሁ አይደል?» ቅዳሜ ነን አልኳት።

ዳንኤል ሳሎን ላሉት «ሃሊፋክስ ናት» ብሏቸው ኖሮ ቤቱ መብራት የጠፋ ይመስል ጭጭ አለ። አንድ ሕፃን ብቻ ሳቀ። ሰናይት ሰማች። «ማነው?» «የጸሎት ፕሮግራም አለን።» «ሰኞ?» «ሰኞም ጌታ አለ» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ የሹራቡን እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ።

እማዬ ሐሙስ አረፈች። ዓርብ ሐዋሳ ተቀበረች። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ተረዳሁ። ሰናይት ገና አልሰማችም።

ጉዞው ከገና ጀምሮ የታሰበ ነው። ከዚህ ኮለምበስ ጫፍ ካለው ከዌስተርቪል በቫናችን ባሕሩ ዳር እስካለው ሜይን፣ ከዚያ መኪና በሚጭነው መርከብ፣ በፌሪው፣ ባሕሩን ተሻግረን ካናዳ፣ ከዚያ ሃሊፋክስ። ቫኬሽን ነበር። በአውሮፕላን ያልሄድነው በልብስ ስፌት መኪናዋ ምክንያት ነው። ሃሊፋክስ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ ከእኛ ቤት ስትወጣ ቤዝመንት ውስጥ ትታው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ሁሉ «መቼ ነው የምታመጪልኝ» ሆነ።

አሁን ወንድማችን ሳሙኤል ከሐዋሳ፣ ሽማግሌያችን ጋሼ ታምራት ከዚህ ሆነው ተመካክረው ወሰኑ። ጉዞው አይነካ። ድንገት በአውሮፕላን ዱብ ብንል ታውቃለች። በተያዘው መርከብ፣ በተያዘው ቀን፣ እንደ ቫኬሽን ሄደን፣ ቤቷ አስቀምጠን፣ ግራና ቀኝ ይዘናት ትረዳ።

እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ ሰናይት ፌስቡክ ላይ ነው ያነበበችው። ያኔ እዚሁ ዌርሃውስ ትሠራ ነበር። ብሬክ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት የአባዬ ፎቶና ሻማ። ሽንት ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ያገኟት ስሟን እንኳ አስተካክለው የማይጠሩ ሰዎች ናቸው። ማታ እጄን ይዛ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳልሰማ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ሃሊፋክስ ደግሞ ብቻዋን ናት። የሚያቅፋት ሰው የለም።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ።

እኔና ዳንኤል ልናረዳት አንችልም፤ እኔ ራሴ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ዳንኤል ደግሞ ገና አፉን ሳይከፍት ነው የሚያለቅሰው። ስለዚህ ጋሼ ታምራትና ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ አብረውን ይሄዳሉ። እኔንም ያረዱኝ ጋሼ ናቸው። ኢስትሙር ከሚኖሩበት ተነስተው በጠዋቱ በራችን ላይ በሙሉ ሱፍ ሲቆሙ ሳያቸው ቁልፉን ከእጄ ጣልኩት። እዚህ ኮለምበስ ጋሼ ታምራት ሱፍ ለብሰው ቤትህ ከመጡ ወይ ሽምግልና ነው ወይ መርዶ። የሚዳር ልጅ ከሌለህ ደግሞ ምን ቀረህ።

የፌሪው ኩባንያ ጋ ደውዬ ሁለት ሰው ልጨምር ስል ሆልድ ላይ አድርገውኝ ሙዚቃ አስኮመኮሙኝ። በመጨረሻ የመጣችው ልጅ ደግ ነበረች። ስማቸው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን አለችኝ። ጋሼ ሲቲዝን ናቸው፣ ችግር የለም። እትዬ ሙሉ ግን ግሪን ካርድ ናቸው፣ ካናዳ ለመግባት የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውም ያስፈልጋል። ፓስፖርቱ የት ነው? እንጃ። ጊዜው አልፎ ይሆን? እንጃ። ስሄድ እትዬ ሻንጣ ሁሉ ገልብጠው መሃል ሳሎን ተቀምጠዋል። ጋሼ «አገር ቤት ስትሄጂ ለሰው እንዳትሰጪው ብዬ ነግሬያት ነበር» እያሉ ያሾፉባቸዋል። በትርፍ መጋረጃ ተጠቅልሎ ተገኘ። ጊዜው አላለፈም። ተመስገን። በዚህ ሳምንት የደስታ እልልታ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እትዬ ሙሉ ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ የጣራው ሳጥን። አምስት ሰው ከነሻንጣው ስለማንችል ዳንኤል ቫኑ ላይ ሳጥን ሊጭን ነበር። ከፍታው ከልክ ካለፈ መርከቡ ውስጥ ሌላ ቦታ ነው የሚገባው፣ እሱ ደግሞ ለቅዳሜ ሞልቷል አለች የፌሪዋ ልጅ። ስለዚህ ሳጥን የለም። ስለዚህ ሻንጣው ውስጥ ይገባል፤ ሰው ስለሚቀመጥበት የኋላው ወንበር አይታጠፍም። ስለዚህ ስፌት መኪናው ይቀራል። እያወጣሁ እያወረድኩ አሰብኩት፣ አይሆንም።

ንፋስ ከበረታም መርከቡ አይሄድም አለችኝ። ቀጣዩስ? በየቀኑ አይደለም። የባሕሩን ዌዘር ስልኬ ላይ ከፍቼ ቁጭ። በማላውቀው ባሕር ላይ ንፋስ አታስነሳ ብዬ እግዚአብሔርን ስለምን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅ የእማዬን ፎቶ ፖስት አደረገው። ሻማ አብርቶ! ጮኽኩበት። «ሐዘኔን ልግለጽ ብዬ እኮ ነው» አለ። ሐዘንህን ለጌታ ግለጽ አልኩት። አወረደው። ማን አይቶት ይሆን?

ረቡዕ

ሳሙኤል ቮይስ ሜሴጅ ፎርዋርድ አደረገልኝ። «እኔ አልቻልኩም፣ አንቺ ስሚው» የሚል ጽፎበታል። ሰናይት እማዬ ስልክ ላይ የተወችው ነው። ስልኩ ተበላሽቷል ብሏታል፣ እሷ ግን ሲሠራ ትሰማዋለች ብላ መላኩን አልተወችም።

«እማዬ፣ እቴቴ ቅዳሜ በመርከብ ልትመጣልኝ ነው። ስፌት መኪናዬንም ታመጣልኛለች። መጀመሪያ ላንቺ ነው ቀሚስ የምሰፋው። ልክሽን ሳሚ ይለካና ይላክልኝ።»

ፖላሪስ ገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። መርከብ ላይ እንዳያዞረን ክኒን ልገዛ ነበር። ሳልገዛ ተመለስኩ።

ማታ ነገሩን አበላሸሁት። ሰናይት ደወለች። ስፌት መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልይው፣ በጎኑ እንዳታስተኚው ትለኛለች። በዚህ ጉዞ አልቻልኩም አልኳት። «ለምን?» ቫኑ ሞልቷል። «በምን? ሦስት ሆናችሁ ሰባት ሰው የሚጭን ቫን?» እንዲህ ስትጠይቅ እማዬን ነው የምትመስለው፣ መውጫ አትሰጥም። እኔ ደግሞ ውሸት ሳልዘጋጅበት አይመጣልኝም። «ጋሼ ታምራትና እትዬ ሙሉ አብረውን ይመጣሉ፣ ቫኬሽን... ባሕር ማየት አማራቸው» አልኳት።

ስክሪኑ የቆመ መስሎኝ ነበር፤ ከኋላዋ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ «ጋሼ ታምራት ባሕር ይወዳሉ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። አዎ አልኩ። «እሺ በቃ እቴቴ፣ ሺፍት አለኝ» ብላ ዘጋች።

ኮለምበስ ስንት ዓመት ኖራለች። ጋሼ ታምራት ማን እንደሆኑ አሳምራ ታውቃለች። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ጋሼ ሱፋቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። ላየው አልፈልግም፣ ዞር ባልኩ ቁጥር ይታየኛል።

ክሊቭላንድን ሳናልፍ ሩት የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። «ማም፣ ሺ ኖውስ። ዩ ጋይስ አር ጀስት ሜኪንግ ሀር ዌይት።» ታውቃለች እኮ፣ ዝም ብላችሁ እያስጠበቃችኋት ነው ማለቷ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሁሉን ታውቃለች። አንቺ ባህላችንን አታውቂም፣ ዝም በይ ብዬ ጮኽኩባት። አለቀሰች። እትዬ ሙሉ እቅፍ አድርገዋት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ሐዘን ላይ ናት» አሏት። «አንቲም ኢዝ፣ ሺ ጀስት ዳዝንት ጌት ቱ» አለች ሩት። አክስቴም ሐዘን ላይ ናት፣ እሷ ግን አልተፈቀደላትም ማለቷ ነው።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏል ይሄ ነው። አምስት ሰው፣ አንድ ጥቁር ሱፍ፣ አንድ ቫን፤ ቫኬሽን ነው እንላለን።

ጋሼን ወገባቸው እየያዛቸው አምስቴ ቆምን። ሰናይት አልደወለችም።

ዓርብ

ሜይን፣ መርከቡ ከሚነሳበት ባር ሃርበር ደርሰናል። ሆቴሉ ትንሽ ነው፣ ባሕሩ ቅርብ። ንፋስ የለም። መርከቡ በሰዓቱ ነው የሚል ቴክስት ላኩልን። ዳንኤል ነዳጅ ሞላ፣ ፓስፖርቶቹን አንድ ላይ አስሮ ኪሱ ከተታቸው፣ በየደቂቃው ይዳብሳቸዋል።

ሰናይት አመሻሽ ላይ ደወለች፣ ያለ ቪዲዮ። ድምፅዋ ደህና ነው። ከሚገባው በላይ ደህና ነው።

ወደቡ ድረስ መጥታ ልትቀበለን ነበር፤ አሁን አልመጣም፣ ቤት እጠብቃችኋለሁ አለች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄአለሁ አለች፣ ስንት ቀን እንደሆነ አልነገረችኝም። ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ አለች። እኛ አምስት ነን፣ ለእኛ የሚበቃ ወንበር አላት። ለእትዬ ሙሉ ጨው የሌለው ምግብ ነው አይደል የሚሠራው አለች። ስለ እማዬ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እማዬ ናት።

ሳሙኤልን ጠየቅኩት። ከረቡዕ ወዲህ ቮይስ አልላከችም።

ለጋሼ ነገርኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። «ካወቀችም ታውቅ። ሰው ሳይኖር አትስማው እንጂ» አሉ። እኔ ግን ሰው ሳይኖር እያወቀች ነው። ከረቡዕ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻዋን እየተንጎራደደች ወንበር ትደረድራለች። እንዲህ እንዳይሆን አልነበር ይሄ ሁሉ? ከአባዬ ጊዜ በምን ተሻለ? ያኔ ቢያንስ በአንድ ጊዜ ነው የወደቀባት።

ሩትን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኢትስ ኦኬ» አለች፣ ግን ኦኬ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ነገ ጠዋት ደውዬ እነግራታለሁ። ወሰንኩ። ጋሼ ቢቆጡ ይቆጡ።

ቅዳሜ

መርከቡ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ወረፋው ረጅም ነበር። መኪናው ሁሉ ብስክሌትና ታንኳ ጭኗል፣ ልጆች በየመስኮቱ ይጮኻሉ። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ «ቫኬሽን?» ብሎ ጠየቀ። ዳንኤል እኔን አየኝ። ጋሼ ከኋላ ሆነው «ፋሚሊ» አሉት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አሳለፈን።

ገና ሳንጫን፣ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወርጄ ደወልኩላት። ወዲያው አነሳችው፣ ስልኩን ይዛው ነበር ማለት ነው።

«ሰናይት፣ አንድ ነገር...» አልኩ።

«አትንገሪኝ።»

«ሰናይትዬ፣ እማዬ...»

«እቴቴ በጌታ፣ አትጨርሺው!» ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ይንገሩኝ። መጥታችሁ፣ ይዛችሁኝ ንገሩኝ። እስክትደርሱ ድረስ እናት አለኝ።»

ስትተነፍስ ብቻ እሰማታለሁ። እኔ የፈራሁት ብቻዋን ማወቋን ነበር፤ እሷ ግን ማወቁን ችላው ነው የምትጠብቀን። ለካ ከረቡዕ ጀምሮ ዝም ያለችው እኛ ስለዋሸናት አይደለም፤ ፈልጋው ነው።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ረግቷል።»

«በሉ እሺ። ቀስ ብላችሁ ኑ።»

ተመልሼ ቫኑ ውስጥ ስገባ ማንም የት ቆየሽ አላለኝም። ሩት ፊቴን አይታ እጄን ያዘች። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ በእጁ ና፣ ና፣ ትንሽ፣ ቁም እያለ ከመርከቡ ሆድ አስገባን። ዳንኤል ሞተሩን አጠፋ። ጋሼ ሱፋቸውን ከመስኮቱ አውርደው መልበስ ጀመሩ፣ እትዬ ሙሉ ክራቫታቸውን አስተካከሉላቸው።

አሁን የመርከቡ ላይኛው ፎቅ ነኝ፣ መስኮት አጠገብ። የሜይን ዳርቻ ጠፍቷል፣ ወዲያኛው ገና አልታየም። ሳምንቱን ሙሉ ይሄ መርከብ እንዳይዘገይ ስጸልይ ነበር። አሁን ካፒቴኑ ጥሩ እየሄድን ነው፣ ከሰዓታችን ቀድመን እንገባለን ብሎ ሲናገር ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ምን አስቸኮለው አልኩ። ትንሽ ቢያዘግመው ምን አለ።